ገማቹ ዞሮ ያየ ዕለት

አያ ሰውአገኝ ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር፣ ከልጃቸው ቤት ከገቡ አራት ዓመታቸው ነው። በነዚህ አራት ዓመታት ከተማውን ከተማ ነው ብለው ያመኑለት አንድም ቀን የለም። ከዩኒቨርሲቲው አጥር ሥር የበቀለውን ሣር ሳይቀር ይገምታሉ። «ይኼ ቢታጨድ ለአንዲት ላም ሳምንት ይበቃታል» ይላሉ፤ አጠገባቸው ታክሲ የሚጠብቁት ተማሪዎች እርስ በርስ ይተያያሉ። ልጃቸው ፀደይ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ውስጥ ትሠራለች። መጀመሪያ ላይ ታፍር ነበር፤ አሁን ለምዳዋለች። «አባባ ደግሞ፣ ሣሩን እንኳ ተወው» ትላቸዋለች። አይተዉትም።

ስለ አያ ሰውአገኝ ሲወራ ቀድሞ የሚነሣው ይኸው ዓይናቸው ነው። ወገራ ውስጥ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ በእግር ሁለት ሰዓት በምታስኬደው ቀበሌያቸው፣ ከአርባ ዓመት በላይ ገማች ነበሩ። ገማች ማለት ሰብሉ ገና ሳይታጨድ ማሳው ውስጥ ገብቶ «ይኼ ይህን ያህል ይገባል» የሚል ሰው ነው። ወንድማማቾች ሲካፈሉ፣ ባለመሬትና እኩል አራሽ ሳይተማመኑ ሲቀሩ፣ በረዶ መትቶ የተረፈው ሲያከራክር ገማች ይጠራል። የእሳቸው ግምት ተወቅቶ ሲሰፈር ቢሳሳት በአንድ ቁና፣ ቢበዛ በሁለት ቁና ነው። «መድኃኒት አለው» የሚሏቸውም ነበሩ። መድኃኒት እንኳ የላቸውም፤ ከአባታቸው የተቀበሉት ሥርዓት ግን አላቸው።

ገማች ሳይገምት የባለቤቱን ቤት እህል ውሃ አይቀምስም። ባለቤቱ ከማሳው ውጭ ይቆማል፤ አፉንም ይዘጋል። ገማቹ ጀርባውን ለማሳው ሰጥቶ ዱላውን በትከሻው ላይ ወደ ኋላ ይወረውራል፤ የት እንደሚወድቅ ዞሮ አያይም። ይህንን ሦስት ጊዜ ያደርጋል። ዱላው በወደቀበት ቁጢጥ ብሎ በዱላው ልክ ያለውን አገዳ ይቆጥራል፤ ከረጅሙ፣ ከመካከለኛው፣ ከአጭሩ አንዳንድ ዘለላ ቀጥፎ በመዳፉ ያሻል፤ ፍሬውን ቆጥሮ በጥርሱ ነክሶ ያየዋል። ከዚያ ትንሽ ዝም ይልና ቁጥሩን ይናገራል። አንዴ ከተናገረ አይመልሰውም። ዞሮ የሚያይ ገማች ሸጋ ሸጋውን እየመረጠ አንዱን ወገን ማስደሰቱ አይቀርምና፣ ዞሮ ያየ ተብሎ የተወራበት ሰው ሁለተኛ አይጠራም። የራሱንና የዘመዱን ሰብልም ገማች አይገምትም።

በደርግ ጊዜ የመንግሥት የእህል ኮታ የሚሰበስቡ ሰዎች መጥተው የቀበሌውን ምርት እንዲገምቱ አዘዟቸው። ያን ጊዜ ገና ጎልማሳ ነበሩ። ጎረቤቱ ሁሉ ዳር ቆሞ በዓይኑ ይለምናቸዋል፤ ዝቅ አድርገህ ተናገር ነው ልመናው። እሳቸው ዱላቸውን ወርውረው፣ ቆጥረው፣ እውነቱን ተናገሩ። ያን ዓመት ሰላምታ የሚሰጣቸው ጠፋ። ደቦ ቢጠሩ የመጣላቸው ሦስት ሰው ነው፤ ከሦስቱም አንዱ አማታቸው ነበሩ። በሚቀጥለው ክረምት በረዶ ወርዶ ማሳውን ደበደበው። ኮታ ሰብሳቢዎቹ ተመልሰው መጡ። ገበሬው «ምንም አልተረፈንም» ቢል ማን ይመነው? «ሰውአገኝ ይናገር» አሉ ሰዎቹ። ሰውአገኝ ተናገሩ፤ ታመኑ፤ ኮታው ቀረ። ያኔ አገሩ ታረቃቸው። ዛሬም ይህን ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጣል። ዘመኑ ክፉ ነበር፤ ለእሳቸው ግን ቃላቸው ሚዛን የነበረበት ዘመን ነውና ይናፍቁታል።

ሚስታቸውን አየለችንም ያገኟት በግምት ነው። አባቷ ከገዛ ወንድማቸው ጋር በገብስ ተጣልተው ስለነበር፣ አያ ሰውአገኝ ሊገምቱላቸው ተጠርተው ሄዱ። ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። አየለች ከማሳው ዳር ሆና ውሃ በዋንጫ ዘረጋችላቸው።

«አልጠጣም» አሉ።

«ምነው፣ ውሃም ግምት ያጣምማል እንዴ?» አለች።

አልጠጡም። ሦስተኛውን ዱላ ወርውረው ፍለጋ ሲገቡ ግን አጡት፤ የት እንደወደቀ በጣቷ ያሳየቻቸው እሷ ናት። በጥር ተጋቡ። ስትመጣ ከእናቷ ቤት በስልቻ ጥቁር ገብስ ይዛ መጣች። ቁመቱ አጭር ነው፤ ምርቱም ያን ያህል አይደለም፤ ቆሎው ግን ሲበሉት እጅ አያስነሳም። አየለች ከዚያ ሌላ ገብስ ቤቷ አታስገባም ነበር። ጎረቤቱ በየዓመቱ ወደ ምርጥ ዘሩ እየዞረ ሄደና ጥቁሩ ገብስ በመጨረሻ እሷ ዘንድ ብቻ ቀረ። አየለች ካረፈች ስድስት ዓመት አለፋት። ዘሩን እስከ ዘንድሮ ያቆየችው የታናሽ ወንድማቸው ሚስት ዓይናለም ናት። እሷም ባሏ ሞቶባት ሁለት ልጆች ታሳድጋለች፤ የእሷንም የአያ ሰውአገኝንም መሬት አዳሙ የሚባል ጎረቤት በእኩል ያርስላታል።

መስከረም ስድስት ቀን ጠዋት የአያ ሰውአገኝ ስልክ ጮኸ።

«አያ፣ እንደምን አደሩ?» ዓይናለም ነበረች።

«እግዜር ይመስገን። ምነው በጠዋቱ፣ ደህና አይደለሽም?»

«ደህና ነን። ገብሱ ነው እንጂ። አንቱ መጥተው ቢያዩልኝ ብዬ ነው።»

ዘንድሮ ክረምቱ ሰው ሲያታልል ነው የከረመው። በሰኔ አጋማሽ ሦስት ቀን ዘነበና ገበሬውን አዘርቶ ጠፋ። የተዘራው በቅሎ ደረቀ። ሐምሌ ሲጋመስ ተመልሶ ወረደ፤ ዓይናለምም በጎታዋ የቀረውን ጥቁር ገብስ አሟጣ እንደገና ዘራችው። አንድ ጭብጥ እንኳ አላስተረፈችም። ሌላ ዓመት ቢሆን መስከረም ሲጠባ ገብሱ እሸት ነው፤ ዘንድሮ ገና ዘለላ ማውጣቱ ነው። ዝናቡ ደግሞ ከሩፋኤል ወዲህ ጠብ አላለም።

አዳሙ የሚለው ሌላ ነው። ገብሱ ይታጨድና ለከብት ይሁን፤ መሬቱ ውሃ የሚይዝ ጥቁር ዋልካ ስለሆነ እርጥበቱ ሳይለቀው ሽምብራ ይዘራበት ይላል። በሬዎቹን ደግሞ ከሦስት ቀን በኋላ ለሌላ ሰው ቃል ገብቷል። ሽምብራው ከተዘራ የዓይናለም ቤት የሚበላው አያጣም፤ የአየለች ገብስ ግን ከነዘሩ ያልቃል። ገብሱ ቆይቶ ዝናብ ከመጣ እህሉም ዘሩም ይተርፋል። ቆይቶ ዝናብ ካልመጣ ግን ሽምብራውም ገብሱም የለም፤ ያኔ ዓይናለም ልጆቿን ይዛ የሰው ደጅ ትጠናለች።

ፀደይ ነገሩን ስትሰማ፣ «አባባ፣ ገማች የዘመዱን አይገምትም ትል አልነበር?» አለቻቸው።

«ሌላ ገማች ማን አለና? ሁሉም አፈር ገባ።»

ፀደይ ስልኳን አውጥታ የአየሩን ሁኔታ አየች። «አሥር ቀን ዝናብ የለም ይላል» አለች።

«እሱ ደግሞ ወገራን የት ያውቃታል» አሉና ዱላቸውን አነሡ።

ሚኒባሱ ወለቃን ሲያልፍ የሸክላ ሻጮቹን ዕቃ በመስኮት አዩ። አየለች አንድ ጊዜ እዚህ መኪና አስቁማ እንስራ ገዝታ፣ እስከ አምባ ጊዮርጊስ እንደ ሕፃን ታቅፋው ሄዳለች። ሲደርሱ ረዳቱ «እንስራውም ይከፍላል» ብሏት መኪናው ሙሉ ስቆ ነበር። አያ ሰውአገኝ ብቻቸውን ፈገግ አሉ። ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ በየማሳው ላይ ሲገምቱ ሄዱ። ድሮ በዚህ መንገድ ሲሄዱ ማሳው ሁሉ ዕድሜው እኩል ነበር፤ አንዱን ያየ ሁሉንም አየ ማለት ይቻላል። ዘንድሮ ግን አንዱ እሸት ነው፣ ጎኑ ያለው ገና ቡቃያ ነው፣ ከሱ ቀጥሎ ያለው ደርቆ ከብት ተለቆበታል። ዓይናቸው የሚይዘው አጣ።

በነጋታው ማለዳ ማሳው ዳር ቆሙ። አዳሙ ከበላይ በኩል፣ ዓይናለም ከበታች በኩል ቆማለች። ዓይናለም ማታ እራት አቅርባላቸው አልቀመሱም፤ ከአምባ ጊዮርጊስ የገዟትን ዳቦ በልተው ነው ያደሩት። ጀርባቸውን ለማሳው ሰጡና የመጀመሪያውን ወረወሩ። ሄደው አዩ። አገዳው የሳሳ ነው፤ ዘለላው ሲታሽ አረንጓዴ ውሃ እንጂ ፍሬ የለውም። ሁለተኛውን ወረወሩ። እዚያም ያው ነው።

ለሦስተኛው ተዘጋጁ። በማሳው ታችኛው ጥግ፣ ድሮ በረት የነበረበት ቦታ፣ ገብሱ ለምልሞ እስከ ጉልበት ደርሷል። አየለች አረም ስትነቅል የምትጀምረው ከዚያ ጥግ ነበር። ነጠላዋን ከወገቧ ታጥቃ፣ ጎንበስ ብላ፣ ከአረሙ ጋር እየተጣላች፣ «አንተ ደግሞ ማን ጠራህ» እያለች ስትነቅለው ታየቻቸው። አርባ ዓመት ያህል በየክረምቱ ያዩት ነው። ይህ ገብስ ከታጨደ በዓለም ላይ የእሷ እጅ የነካው ነገር አለቀ ማለት ነው። እንዲህ እያሰቡ አንገታቸው በትከሻቸው ላይ ዞረ። አዩ። ወረወሩ። ዱላው እዚያው ጥግ ላይ ወደቀ።

ሄደው ተቀመጡ። ቆጠሩ፣ ቀጠፉ፣ አሹ። ዘለላው ወተት ይዟል። ተነሡና፣ «አራት ኩንታል ይገባል። ይቆይ» አሉ።

አዳሙ አቀርቅሮ መሬቱን በእግሩ ጣት ጫረ። ዓይናለም ሥርዓቱን ጥሳ ማሳው ውስጥ ገባች፤ እስከ አጠገባቸው መጥታ ቆመች።

«አያ፣ ዞረው አዩ» አለች ቀስ ብላ።

«ምን አልሽ?»

«ሦስተኛውን ሲወረውሩ ዞረው አዩ።»

ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ። በዕድሜያቸው ሙሉ ይህንን በፊታቸው የተናገረ ሰው የለም። ቁጣው ግን አልመጣ አላቸው።

«እትየ አየለች ይህቺን ጥግ እንዴት ትወዳት እንደነበር እኔም አውቃለሁ» አለች ዓይናለም። «እኔም አብሬያት አርሜባታለሁ። ልጆቼ ግን ጥግ አይበሉም፣ አያ።»

ገብሱ መሃል ዘፍ ብለው ተቀመጡ። አዳሙ ሊደግፋቸው ሲሮጥ በእጃቸው ከለከሉት። እፍረቱ እንደ ትኩሳት ፊታቸውን አጋለው። የኮታ ሰዎች ቆመውባቸው ያልዞረው አንገት ለአንድ ጥግ ገብስ ዞረ።

«እውነትሽን ነው» አሉ በመጨረሻ። «አየሁ።»

ተነሥተው ወደ ዳር ተመለሱና ጀርባቸውን ሰጡ። ዓይናቸውንም ጨፈኑ። ወረወሩ። ዱላው ከማሳው እምብርት ወደቀ። ሄደው ቆጠሩ፤ የቀጠፉት ዘለላ ሁሉ ባዶ ነው። ገማች የተናገረውን አይመልስም፤ አያ ሰውአገኝ ግን የዚያን ዕለት ይህንንም ሥርዓት አፈረሱ።

«ዘሩንም አይመልስም። ይታጨድ» አሉ።

አዳሙ ማጭዱን ሲያነሣ እጃቸውን ዘረጉለት።

«አያ፣ ይተዉት፤ እኔ እበቃለሁ እኮ» አለ።

«ልጀምረው ብቻ።»

ከታችኛው ጥግ ጀመሩ። አንድ ፍሬው የጠነከረ ዘለላ፣ አንድ ለዘር የሚሆን ፍሬ ቢገኝ ብለው እያንዳንዱን ጭብጥ ከማስቀመጣቸው በፊት በመዳፋቸው ያሹ ነበር። ወተት ነው፤ ወተት ደግሞ አይበቅልም። እኩለ ቀን ላይ ማሳው ራቁቱን ቀረ። ከብቶቹ የታጨደውን እየጎተቱ ሲበሉ አላዩም፤ ፊታቸውን አዙረው ነበር። ከዚያ ዓይናለም ቤት ገብተው የቀረበላቸውን በሉ፤ አገር ቤት እህል ከቀመሱ አራት ዓመት ሆኗቸው ነበር፤ አልጣፈጣቸውም። በማግስቱ አዳሙ በሬዎቹን ጠምዶ ማሳውን ገለበጠው፤ ሽምብራው ተዘራ። ዓይናለም ሽኝታቸው ላይ እጃቸውን ሳመች።

ጎንደር በገቡ በሁለተኛው ቀን፣ መስከረም አሥራ ሦስት ከሰዓት በኋላ፣ ከግቢው በር ላይ ተቀምጠው ሳሉ ሰማዩ በሰሜን በኩል ጠቆረ። «ያልፋል» አሉ። አላለፈም። መጀመሪያ ቆርቆሮው ላይ ጠብ ጠብ አለ፣ ከዚያ ዶፉን ለቀቀው። አያ ሰውአገኝ ከበሩ አልተነሡም። ጋቢያቸው እስኪረጥብ ድረስ ሰማዩን እያዩ፣ «አቁመው፤ በቃ፣ አቁመው» ይሉ ነበር።

ትንሽ ቆይቶ ያሉትን ራሳቸው ሰሙት። ደነገጡ። እዚያ ማዶ አገር ሙሉ ይህንን ዝናብ አፉን ከፍቶ ሲጠብቅ ነው የከረመው። ገብሱን ያላጨደው ጎረቤት ሁሉ አሁን ደጁ ወጥቶ እግዚአብሔርን እያመሰገነ ይሆናል። እሳቸው፣ ለአገሩ ሲገምቱ የኖሩት ሰውዬ፣ ግምታቸው ልክ እንዲሆን ብለው የአገሩን ዝናብ ይረግማሉ! ሰባ አንድ ዓመት ኖረው እንደዚያች ቅጽበት ራሳቸውን ተጸይፈው አያውቁም።

ፀደይ ከሥራ ስትመለስ እስከ አጥንቷ ርሳ ነበር፤ ግን ትስቃለች። «አባባ፣ ዘነበልህ እኮ! ስልኬ ዋሸኝ!» አለች። ደስ የሚላቸው መስሏት ነው። እሳቸው ግን ጓዳ ገብተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ።

ስድስት ቀን ዘነበ። የደመራው እንጨት ርሶ እሳት አልይዝ ብሎ ካህናቱንም ሰውንም አስቸገረ። በየቀኑ ስልኩን አንሥተው መልሰው ያስቀምጡታል። የመስቀል ማግስት አላስችል አላቸውና ደወሉ።

«ዓይናለም፣ ዘነበ?»

«ዘነበ፣ አያ። ዛሬ ገና ማባራቱ ነው።»

«ሽምብራው እንዴት ነው?»

«የታቹ ውሃ ቋጥሮበት ቢጫ ሆነ። የላዩ ግን ሸጋ ነው፤ በቅሏል።»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሯቸው አዛወሩ። «የጎረቤት ገብስስ?»

«እያሸተ ነው» አለች።

«እንግዲያ የኛም ይደርስ ነበር።»

«ይደርስ ነበር።» ዓይናለም መሸንገል አታውቅም። «ግን ማን ያውቅ ነበር፣ አያ? ማን አወቀው?»

«እኔ ነበርኩ የማውቀው» አሉ። «ድሮ እኔ አውቀው ነበር፣ ዓይናለም።» ድምፃቸው ተቆረጠ። ስልኩን ከጆሯቸው አራቁት፤ ማልቀሳቸውን እንዳትሰማ። እሷ ግን ሰማች፤ እስኪጨርሱም ጠበቀቻቸው።

«ይስሙኝ አያ» አለች ከዚያ። «አንቱ እዚያ ማሳ ውስጥ እውነቱን ባይናገሩ ኖሮ ዝናቡ እስኪመጣ ድረስ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። አሁን ተኝቻለሁ። ልጆቼም ተኝተዋል። ለጥምቀት ይምጡና የሽምብራውን እሸት እንበላለን።»

ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። ዓይናለም ልታጫውታቸው ብላ፣ ድምፅዋን ቀለል አድርጋ፣ እንደ ድሮው ጠየቀቻቸው።

«ስንት ይገባል ይላሉ ታዲያ፣ ሽምብራው?»

አያ ሰውአገኝ ማሳውን በዓይነ ኅሊናቸው ፈለጉት፤ የላዩን አረንጓዴ፣ የታቹን ቢጫ። ቁጥር ፈለጉ። ያለፉትን ዓመታት ሁሉ ወደ ኋላ አሰቡ፤ አንዱም ከዘንድሮው ጋር አልገጥም አላቸው።

«አላውቅም» አሉ።

ስለ ሰብል ተጠይቀው ይህን ቃል ሲናገሩ በሕይወታቸው የመጀመሪያው ነበር።

«እኔም አላውቅም» አለች ዓይናለም። «ይምጡና አብረን እናየዋለን።»